ወንድሜ የጮኸበት ካሴት

ሙዚቃ ቤት ነበረኝ እንጂ ሙዚቃ አውቃለሁ ብዬ አላውቅም። ደባርቅ ውስጥ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በሻይ ቤትና በጫማ ሰፊ መሃል የተጣበቀች አንዲት በር ናት ሱቄ። ግድግዳዋ በካሴት ልባስ የተሸፈነ፣ በሯ ላይ ወደ ጎዳናው የዞረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለባት። ካሴት ሊሞት እያጣጣረ፣ ሲዲ ገና ያልተለመደበት ጊዜ ነበር። ደንበኛ «ይሄኛው እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ። ስለ ሁሉም ካሴት «ጥሩ ነው» ነው የምለው። ነጋዴ ሌላ ምን ይበል?

ታዲያ የገዛ ወንድሜ ነው «እውነቱን ንገረኝ» ብሎ ጉድ ያፈላብኝ።

ታናሼ ያኔ አዲስ አበባ ነበር። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ ጊታር እየመታ ይዘፍናል። የመጀመሪያው ካሴታቸው ሲወጣ ደባርቅ አንድ ልብ ሆና ተቀበለችው። ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው፤ አስተማሪው ቤቱ፣ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ፣ ባለ ሆቴሉ በረንዳው ላይ ያንኑ ያስደምጣል። ከመካነ ብርሃን በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ገብሱን ሸጦ ሲያበቃ «እስቲ የዚያን የናንተን ልጅ» ብሎ ከእኔ ይገዛል። ኩራቴን አትጠይቁኝ። መንገድ ላይ ስሄድ ደረቴ ይቀድመኝ ነበር።

ሁለተኛው ካሴት የመጣው በኅዳር ነው፤ በካርቶን ታሽጎ በጎንደሩ አውቶቡስ። ካርቶኑን ቀድጄ አንዱን ቴፑ ውስጥ ከተትኩና፣ እንደ ልማዴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

ወይ ጉድ! ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ያጓራል። ከበሮው ሰው እንዳባረረው ይሮጣል። ወንድሜ፣ ያ ድምፁ እንደ ቅቤ የሚቀልጠው ልጅ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ አውጥቼ ሌላ ከተትኩ። ያው ነው። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል ጠርጌ ሦስተኛ ሞከርኩ። እሱም ያው። ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደያዘ በበሩ ብቅ ብሎ «አንተ፣ ምን ነካህ?» አለኝ። ምን ልበለው? እኔም ለራሴ ግራ ገብቶኛል።

ከሰዓት በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እሱ ነው።

«ደረሰህ?»

«ደርሶኛል።»

«እህስ?»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«እሱን ለደንበኛህ በለው!» ብሎ ጮኸብኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድም ጋሼ። የአዲስ አበባ ሰው ቢወደውም ቢጠላውም ግዴለኝም። ይሄን የሠራሁት ለአገሬ ሰው ነው። የደባርቅ ሰው፣ የዳባት ሰው ምን እንደሚል ጆሮህን ጥለህ ስማልኝ። ከተቀበሉት እቀጥላለሁ። ካልተቀበሉት ጊታሩን ሸጬ በመተማ ወደ ሱዳን እወጣለሁ፤ ከደላላው ጋር ተነጋግረናል። ጥር ላይ እደውልልሃለሁ። እንዳትሸነግለኝ።»

በመተማ ከወጡት የሰፈራችን ልጆች ደህና ሆኖ የደወለም አለ፣ እንደ ወጣ ድምፁ የጠፋም አለ። እናታችን ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አርፋለች፤ አባታችንን ያጣነው ገና ልጆች ሳለን ነው። ከዚያ ቤት የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱም ከሄደ ማንን ወንድሜ እላለሁ? እንዲህ ሆኖ ነው ካሴት ነጋዴው የሰው አፍ ጠባቂ የሆንኩት።

አፉማ መች አንድ ሆነና!

አስተማሪዎቹ አዘኑ። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ የመጀመሪያውን ካሴት ክሩ እስኪሳሳ የሰማ ሰው፣ አዲሱን እስከ መጨረሻው ቆሞ አደመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን ልጅ አስነክተውታል» አለኝ። «እንዲያ ያለ ድምፅ የሰጠው ሰው እንዲህ ይጮሃል? ማን ምን አድርጎት ነው? ጸበል ውሰዱት እንጂ!»

አስጎብኚዎቹ ደግሞ፣ እነዚያ ቱሪስት ይዘው የስሜን ተራራን ጨነቅ ድረስ የሚወጡት ጎረምሶች፣ ሱቄ በር ላይ ይዘልሉ ጀመር። ዋናቸው፣ ዝናብ እየዘነበም መነጽሩን ከግንባሩ የማያወርደው፣ ሊያስተምረኝ ተነሣ።

«ይሄ ፖፕ ፓንክ ይባላል» አለኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«ማበድ ነው። ግን ዜማ አለው።»

«ታዲያ ጥሩ ነው?»

«ጥሩ? አሁን ገና ሰው ሆነ በለኝ! የመጀመሪያው እኮ በሽተኛ ማስተኛ ነው።»

ቅዳሜ ገበያ ቀን ሁለቱ ወገኖች ሻይ ቤቱ በር ላይ ተፋጠጡ። መምህሩና ጓደኞቹ በአንዱ አግዳሚ፣ አስጎብኚዎቹ በሌላው።

«እናንተ ፈረንጅ ከበላው የተረፈውን ሁሉ ትለቅማላችሁ» ይላል መምህሩ።

«እናንተ ደግሞ ሰው እያለቀሰ ካልዘፈነላችሁ አይጥማችሁም» ይላል ባለ መነጽሩ።

«ይሄ ዘፈን ነው? ቃሉ እንኳ አይሰማም!»

«ቃል ምን ያደርጋል፣ እግርህ ከሰማ!»

በዚህ መሃል አንድ ቄስ ጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ። ማጉያው እየጮኸ ነው። «ልጆቼ፣ ማን ሞተብን?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም አግዳሚ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ወር ሁለቱ የተስማሙት በዚያች ሳቅ ብቻ ነው። ቄሱ ግራ ገብቷቸው መስቀላቸውን አሳልመውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከቶ ማንን ልመን? ያው መምህር ሰው ሲጠፋ ጠብቆ፣ ካሴቱን በጋዜጣ አስጠቅልሎኝ በኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ሄደ። ያው ባለ መነጽር ደግሞ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «የመጀመሪያውን አንድ ቅዳልኝ፣ ለመንገድ ይሆነኛል፤ ለልጆቹ እንዳትነግራቸው» አለኝ። አንድ የጨነቅ በቅሎ ነጂ «እኔስ እንጃ፣ በቅሎዬ ግን ወዳዋለች፤ ትነቃለች» አለ። ይሄን ሁሉ ለወንድሜ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው? ከተማው ቢቀር በቅሎዋ ተቀበለችህ ልበለው?

የባሰው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። በካሴቱ ሁለተኛ ፊት ሦስተኛዋ ላይ አንዲት ዘፈን አለች። ቃሏ አይሰማም። ከበሮዋ ሦስቴ መትቶ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስቴ መትቶ ያርፋል፤ ወንድሜ በዕረፍቱ ውስጥ «ወዬ!» ይላል። ሱቁ ባዶ ሲሆን እሷን አስገባለሁ። እግሬ ይነሣል፤ ደረቴን ደግሞ አንድ ነገር ይጫነኛል። እናደድና አጠፋዋለሁ። ሻይ ሳልጨርስ ተመልሼ አበራዋለሁ። ወድጃት ነው ጠልቻት? እግዜር ይወቀው። «የት ነው የማውቅሽ?» እላታለሁ፣ ከዘፈን ጋር እንደሚነጋገር እብድ።

ጥር ገባ። ዳባት ሠርግ ተጠራሁ፤ እንግዳም ሆኜ፣ ድምፅ ማጉያ አከራይም ሆኜ። ሙሽራዋ የአክስቴ የቅርብ ጎረቤት ልጅ ናት። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ስትሆን ዳባት ያወጣላት ስም «አስለቃሽ» ነው። የሰው ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው፣ ሴቱን የምታስረግደው እሷ ናት። ሠርግ ላይ ግን ጥግ ይዛ ጠላዋን የምትጠጣ፣ ማንም የማያስተውላት ሴት ናት።

ዳሱ ሞልቷል። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ እስክስታው ደርቷል። እኔ ከቴፑ ኋላ ቆሜ የግንባሬን ላብ እጠርጋለሁ። ሙሽራው የአስጎብኚዎቹ ጓደኛ ነውና ባለ መነጽሩ ከነመንጋው መጥቷል። «እስቲ ያቺን! ያቺን የወንድምህን!» እያሉ ጮኹብኝ። እኔም ለራሴ አሰብኩ፤ እዚህ ዳስ ውስጥ ደባርቅም አለ፣ ዳባትም አለ፣ ገጠሩም አለ፣ ሽማግሌውም አለ። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የት ይገኛል? ፊታቸውን አይቼ ለወንድሜ ቁርጡን እነግረዋለሁ። ያቺን ሦስተኛዋን ዘፈን ፈልጌ ለቀቅኳት።

ጎረምሶቹ እንደ ፌንጣ ዘለሉ። ሦስቴ ይዘልላሉ፣ ያርፋሉ፤ ሦስቴ ይዘልላሉ፣ ያርፋሉ። ሚዜዎቹ ተቀላቀሉ። ልቤ ሞቀ፤ «ተቀበሉት!» አልኩ።

ወዲያው አክስቴ ከጥጉ ተነሣች። ጎረምሶቹ «እልልል! እማማ መጡ!» ብለው ቦታ ለቀቁላት። ገብታ መሃል ቆመች። ከበሮው ሦስት ሲመታ ሦስት ረገደች። ልክ እንደ ከበሮው፣ አንዲት አታዛንፍም። ባለ መነጽሩ በደስታ አበደ፤ ዙሪያዋን እያጨበጨበ «አይዞሽ እማማ! ፓንክ እማማ!» ይላታል። እኔም ስቄ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቀዘቀችው። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ዘቅዝቃ አሰረችው። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን መታች።

«ወዬ እህቴ!» አለች።

ከሴቶቹ መሃል ሁለት አሮጊቶች ወዲያው ተነሥተው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። አንዷ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀችም፤ ማልቀስ ጀመረች። ጎረምሶቹ ይዘልላሉ፣ አሮጊቶቹ ደረት ይመታሉ፣ ሁሉም በአንድ ከበሮ። ሙሽራዋ አበባዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች። ማን እየጨፈረ ማን እያለቀሰ እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ቴፑን ማጥፋትም ረሳሁ።

የሙሽራዋ አባት ከዘራቸውን ይዘው መጡብኝ። «ኧረ በማርያም! የልጄን ዳስ የለቅሶ ድንኳን አደረጋችሁት! አጥፋው ይሄን መዓት!» እያሉ። ያኔ ነው እጄ የታዘዘልኝ። ድምፁ ሲቆም የአክስቴ ለቅሶ ብቻውን ቀረ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አሉኝ አባትየው፤ «ወንድምህን የፈረንጅ ጩኸት ማን ልመድ አለው? በዛሬ ቀን! ሟርተኞች!»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅንም» እያልኩ አክስቴን «በቃሽ፣ ዝም በይ፣ ሠርግ ነው» ብዬ እጇን ይዤ ከዳሱ አወጣኋት። ከኋላዬ ባለ መነጽሩ «ለምን አጠፋኸው?» ይላል። ሌላው «እማማ ምን ሆኑ?» ይላል።

ከዳሱ ጀርባ እንጨት ክምር ላይ አስቀመጥኳት። ተናድጄ ነበር፤ የወንድሜ ነገር በዚያ ዳስ ውስጥ ያበቃለት መስሎኛል።

«ምን ሆነሽ ነው አክስቴ? አሳበድሽን እኮ!»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ፣ ይሄ የእህቴ ለቅሶ አይደለም እንዴ?»

«የቱ?»

«ከበሮው ነዋ! የእናትህ ለቅሶ ላይ ያስረገድኩት እኔ ነኝ። ሦስት መትቶ ማረፍ፣ ሦስት መትቶ ማረፍ፤ እህቴ ልቧ እንዲያ እየመታ ነው ያረፈችው ብዬ እንዲያ አስረገድኩ። ለሌላ ሰው እንዲያ አድርጌ አላውቅም። ‹ወዬ›ውም የኔ ነው። እናንተ ለወንድምህ በቴፕ ቀድታችሁ ላካችሁለት አይደል? ከዚያ ነው ያገኘው፤ ከሌላ ከየትም አያገኘውም።»

እውነቷን ነው። ሩቅ ላለ ዘመድ ለቅሶውን ቀድቶ መላክ የኛ ሰው ወግ ነው፤ እኛም መርዶውን ከሰማ በኋላ ለእሱ ልከንለታል። እኔ ግን በዚያ ቀን ከረገዱት መሃል ነበርኩ፤ መሬቱን በእግሬ የመታሁት ሰው ሁለት ወር ሙሉ «የት ነው የማውቅሽ?» ስላት ከረምኩ።

«በመጣ ጊዜ ደግሞ አላስለቀስነውም» አለች አክስቴ።

ወደ ደባርቅ የምትመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ማጉያዬን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ ያንን ቀን አስታወስኩ። እናታችን ስታርፍ ለወንድሜ አልደወልንለትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በአካል ሄዶ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ሰብስቦ ነው የሚያረዳው። መርዶ ነጋሪ መንገደኛ እስኪገኝ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ወንድሜም እስኪነሣ ፋሲካ ሆነ። በራችን ላይ የደረሰው በሃምሳው ውስጥ ነው። «እማዬ!» ብሎ ገና ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ያዙት። «በሃምሳ አይለቀስም ልጄ፤ ክርስቶስ ተነሥቷል» አሉት። እሱም ዝም አለ። ተቀመጠ፤ ምግብ ቀረበለት፤ በላ። በሳምንቱ ተመለሰ። «ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ከተማ አደነደነው» ብለው ያሙት ነበር። እኔ ደግሞ ጠንካራ ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ስልኩ ጮኸ።

«እህስ? ተቀበሉት?»

«ግማሹ አበደ ይላል፤ ግማሹ አሁን ገና ሰው ሆነ ይላል» አልኩት። «አበደ የሚለው ተደብቆ ይገዛል፤ ሰው ሆነ የሚለው ተደብቆ የድሮውን ያስቀዳል። የማውቀው ነገር የለም። እኔንም አትጠይቀኝ።»

«አንድ የተቀበለው ሰው የለም ማለት ነው?»

«አክስትህ ሠርግ መሃል ተነሥታ አለቀሰች።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«ነጠላዋን ዘቅዝቃ?»

«ዘቅዝቃ። ለምን አልነገርከኝም? የእማዬ ለቅሶ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

«እናንተ እኮ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ነበር» አለኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ለስላሳ ሆኗል። «እኔ ስመጣ ተው አላችሁኝ። ታዲያ የት ሄጄ ልጩኽ?»

ጫማ ሰፊው በበሩ እያየኝ ነው፤ ፊቴን ወደ ካሴቶቹ አዞርኩ።

«አክስቴ ስታለቅስ ማን ተቀበላት?» አለኝ።

«አሮጊቶቹ አለቀሱ እንጂ ቃሏን መልሶ ማንም አልተቀበላትም። እኔም ዝም በይ አልኳት።»



«ዓርብ ዳባት እወርዳለሁ። እዚያ ጠብቀኝ» ብሎ ዘጋው።

ስለ ሱዳን ቃል አልተናገረም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ ለስንብት ይሁን ለመቅረት የሚመጣው፣ አላወቅኩም። እስከ ዓርብ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዓይኔን አልጎበኘውም። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሁለቱ አግዳሚዎች ክርክራቸውን ቀጥለዋል፤ አሁን ደግሞ ሠርጉ ላይ የሆነውን አንሥተው አንዱ «የርግማን ካሴት» ሲል ሌላው «አሮጊት የሚያስጨፍር ካሴት» ይላል። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የእናቴን ለቅሶ ለአግዳሚ ክርክር አልሰጥም አልኩ።

ዓርብ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ጸጉሩ አድጎ፣ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ነበር። አልሸጠውም ማለት ነው፤ ወይስ እዚህ ሊሸጠው ነው? ተቃቀፍን፤ ምንም አልተባባልንም። ወደ አክስቴ ቤት የምታወጣውን ቀጭን መንገድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን።

አክስቴ ደጅ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ስታየው ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። አልሳመችውም፣ ግባም አላለችውም። ቆመች፤ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ በእግሯ መሬቱን ሦስት መትታ አረፈችና እናታችንን ጠራቻት፦

«ዓባይን ተሻግሮ መጣልሽ ልጅሽ፣
በሩን ክፈቺለት ምነው ዝም አልሽ።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ያ ከተማ ለሁለት የከፈለ ጩኸት ከአፉ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልወጣውም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ዘፍኜ አላውቅም፣ ሙሾም ተቀብዬ አላውቅም፤ ድምፄ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት የሚያሳፍር ነው። በዚያው ድምፄ ተቀበልኳት።

ሁለተኛ ስትደግመው እሱም አብሮኝ ተቀበለ።